ግራሽ ቀደመ

ስሟ ደብር ይመስላል፤ ደብረጸን ትባላለች፤
የኛ ደብር ግን አይደለች፤
የሀንጋሪ ሜዳ ላይ ተዘርግታ ተኝታለች።

ሻሮልታ ቆማለች ከገንዳው ጠርዝ ላይ፣
ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ውሃ ውሃ ልታይ፤
ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ክኒን የምትቆጥር፣
ዛሬ ማታ ዳኛ፣ በአራተኛው መስመር።
ስልሳ ሊሞላት ነው፤ ጉልበቷ ያማታል፣
ዐይኗ ግን የወፍ ነው፤ ጠብታ ይቆጥራል።

ስምንት ሴት ልጆች ከመነሻው ወጡ፤
ጎንበስ አሉ፣ በጣት ጠርዙን ጨበጡ።
ጸጥታ።
ከዚያ ድምፁ ጮኸ፤ አየሩን ቀደዱ፣
ስምንት መርፌ ሆነው ወደ ውስጥ ወረዱ።

የደረት ዋና ነው፤ እጅ ይዘረጋል፣
ውሃን እንደ መጋረጃ ገልጦ ይከፍታል፣
ደረት ብቅ ይላል፣ አፍ አየር ይሰርቃል፣
እግር እንደ እንቁራሪት ተሰብስቦ ይረግጣል።
ስግደት ነው፣ መነሣት ነው፣ ደግሞ መልሶ መስገድ፤
ሃያ ስድስት ጊዜ፣ የሃምሳ ሜትር መንገድ።

ሕጉ ደግሞ ጨዋ ነው፤ ግድግዳው ሲነካ
እንደ ስጦታ ነው፣ በሁለት እጅ ለካ።
ባንድ እጅ አይሰጥም፣ ባንድ እጅ አይወሰድም፤
ሁለቱም እኩል እንጂ አንዱ አንዱን አይቀድምም።

አራተኛው ላይ ያለችው ኤመሼ ናት፤ የቲሳ ወንዝ ልጅ።
ሻሮልታ ታውቃታለች። የስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣
ሳል ይዟት፣ ከወንዙ በቀጥታ መጥታ፣
ሽሮፑን ቀምሳ "መራራ!" ብላ ጮሃ፣
የመድኃኒት ቤቱን ወለል ያራሰች በውሃ።
"ሌላ ሰው አቁሙ" ብላ ነበር ጠዋት፤
ቤልጅጉ ዳኛ ታሞ፣ ምትክ ጠፋላት።

ሃያ ሜትር ላይ ኢስቶኒያዊቷ ሊስቤት በክንድ ቀደመች፤
አርባ ላይ እኩል ሆኑ፤
አርባ አምስት ላይ ኤመሼ መተንፈሱን ተወች።
ሕዝቡ ስሟን ሦስት ቦታ ሰብሮ፣ ኤ፣ መ፣ ሼ፣ እያለ
በእግሩ ብረቱን ደበደበ።
ሻሮልታ ጎንበስ አለች። ጆሮዋ ጠፋ፤ ዐይኗ ብቻ ቀረ።

ግራው መጣ፤ ነካ።
ቀኙ፣ የጥፍር ያህል፣ የአንድ ጥቅሻ ያህል፣
ዘግይቶ ደረሰ፣
ሠርጉ ካለቀ በኋላ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።
"ኤመሼ፣ አንደኛ" ብሎ በራ ሰሌዳው።

እጅ ማንሣት ቀላል ነው፤ ተማሪም ያነሣል፤
ይህ ግን የራሰ ግንድ ነው፤ ትከሻ ያጎብጣል።
አነሣችው።

ኤመሼ ከውሃው፣ መነጽሯን ገልብጣ፣
"የቱ ነው?" አለቻት፣ ትንፋሿ ሳይመጣ።
"ግራሽ ቀደመ" አለች።
ሌላ ቃል አልነበራትም።

አዳራሹ ጮኸ። አንዱ የላስቲክ ጠርሙስ ወረወረ፤
ጠርሙሱ ሰው አላገኘም፤ ገንዳው ላይ ተንሳፈፈ።
ሊስቤት ወርቋን አጠለቀች፤ አልሳቀች፣ አላለቀሰች፤
በስሕተት ቤቷ የደረሰ የሌላ ሰው ደብዳቤ ይመስል
እያገላበጠች አየችው።

ሌሊት አምስት ሰዓት፣ የከተማው ባቡር ማቆሚያ ላይ
አንድ መብራት አለ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር።
ሻሮልታ ነጭ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ተቀምጣለች።
ጸጉሯ ያልደረቀ ልጅ መጥታ አጠገቧ አረፈች።
ብዙ ዝም አሉ።

"በእውነት አይተሻል? ወይስ ገምተሽ ነው?"
"አይቻለሁ።"
"እኔም ተሰምቶኝ ነበር" አለች ኤመሼ፤
"ቀኝ ትከሻዬ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ይሰንፋል።"
"ነገ ወደ ሱቁ ነይ፤ ቅባት አለኝ።"
"መራራ ነው?"
"ቅባት አይቀመስም፣ አንቺ ልጅ።"

ባቡሩ ዘገየ።
ኤመሼ ከቦርሳዋ አይብ የተነሰነሰበት ትንሽ ዳቦ አውጥታ
ቆረሰች፤
ትልቁን ግማሽ ዘረጋችላት፣
በግራ እጇ፣ በግራው ብቻ፣
ወደ ሐዲዱ እያየች።

ሻሮልታም ፌስታሉን ሳታስቀምጥ
ባንድ እጇ ተቀበለች።